የሰኞ ማታው ድንች፣ በተፈጨ ሥጋና በቺዝ

ከሥራ ወጥቼ፣ ልጆቹን ሰብስቤ፣ የሜሪላንድን ትራፊክ አልፌ ቤት ስደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። በዚያ ሰዓት ደህና ወጥ አይሠራም። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ልጆቹ ብስኩት በልተው ይጠግባሉ። እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ የለመድኩት፣ አሁን በሳምንት አንዴ የማይቀርብን አንድ ምግብ አለ። ድንች፣ የተፈጨ ሥጋና ቺዝ በአንድ ፒሬክስ ተደራርቦ ኦቨን ይገባል። አሜሪካኖቹ ካሴሮል ይሉታል። ላዛኛ ሠርታችሁ የምታውቁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል፤ በፓስታው ቦታ ድንች ገባ ማለት ነው።

ቀኑን ቀድማችሁ አስቡበት። እንደ እኛ ቤት ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ሰኞ ሥሩት። የተረፈው ማክሰኞ ለምሳ ይሆናል። ማክሰኞ ከሠራችሁት ግን የተረፈው እስከ ሐሙስ ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቃል፤ አይበላሽም፣ ግን ጣዕሙ እንደ ማግስቱ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ ምግብ የሚበላሸው በድንቹ ነው። በሥጋው አይደለም፣ በቺዙም አይደለም።

የመጀመሪያ ቀን ጥሬውን ድንች ከትፌ ሥጋው ላይ ደረደርኩት፤ ቺዙን ከላይ በትኜ 40 ደቂቃ ኦቨን ውስጥ ተውኩት። ሲወጣ ያምራል። ቺዙ ቡናማ ሆኗል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ትልቋ ልጄ አንዴ ጎርሳ ቆም አለች። ድንቹ ኮሽ ይላል። መልሼ ከተትኩት። ቺዙ አረረ፣ ድንቹ ግን ያው ነው። ልጆቹ ያን ቀን እንቁላል ፍርፍር በልተው ተኙ።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሥጋው ውስጥ ቲማቲም ነበረ። ድንች ደግሞ አሲድ ባለበት ነገር ውስጥ ሲበስል ቶሎ አይለሰልስም፤ ውስጡን አጣብቆ የሚይዘው ፔክቲን የሚባለው ነገር በአሲድ ውስጥ በቀላሉ አይላቀቅም። አገር ቤት እያለንም ድንች ወጥ ላይ ቲማቲም የበዛ ቀን ድንቹ አልበስል ሲለን የነበረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ድንቹ ኦቨን ከመግባቱ በፊት ለብቻው በውሃ ይቀቀል። ሌላው ስህተት ሁሉ ይስተካከላል። ጥሬ ድንች ግን ቺዝ ሥር ከተቀበረ በኋላ ምንም አታደርጉትም።

ልኩን ልንገራችሁ። 9 በ13 ኢንች የሆነው የተለመደው ፒሬክስ ለስድስት ሰው በደንብ ይበቃል። ለእሱ ድንች 3 ፓውንድ፣ ማለት አንድ ኪሎ ከ350 ግራም ገደማ። የተፈጨ የበሬ ሥጋ አንድ ፓውንድ ተኩል፣ 680 ግራም አካባቢ። ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ። ለነጩ ሶስ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት ኩባያ ወተት። ቼዳር ቺዝ 12 አውንስ፣ 340 ግራም መሆኑ ነው። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ በርበሬ። ይኸው ነው።

ድንች ስትገዙ ቢጫ ሥጋ ያለውን፣ ዩኮን ጎልድ የሚባለውን ምረጡ። ሲበስል ቅርጹን ይይዛል። ቆዳው ሻካራና ቡናማ የሆነው ራሰት ስታርቹ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይፈራርሳል። ለተፈጨ ድንች ግሩም ነው። ለዚህም ይሆናል፣ ግን ሲቀቀል አንድ ሁለት ደቂቃ ቀንሱለት።

ድንቹን ልጣችሁ ክብ ክብ አድርጋችሁ ክተፉ። ውፍረቱ ሁለት ሳንቲም ቢነባበር የሚያህል ይሁን፣ ከዚያ አይብለጥ። ዋናው ሁሉም እኩል መሆኑ ነው፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ስስ ከሆነ ስሱ ሲፈርስ ወፍራሙ ገና ጥሬ ነው። ድስት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉበት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ ከዚያ ጣዱት። በፈላ ውሃ ከጀመራችሁ ውጪው ሲላላ ውስጡ ወደኋላ ይቀራል። መፍላት ከጀመረ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል በቂ ነው። በቢላዋ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ቢላዋው ይገባል፣ ግን መሃሉ ላይ ትንሽ ይይዘዋል፤ ድንቹም ስታነሱት አይቆረስም። እዚያ ላይ አውጡትና ማጥለያ ውስጥ ገልብጡት። አሁን ለአምስት ደቂቃ ተዉት፣ እንፋሎቱ ይውጣ። ይቺን አትዝለሏት። ድንቹ ውሃ ይዞ ከገባ በኋላ ፒሬክሱ ሥር ሾርባ ይሆንባችኋል።

ድንቹ እየፈላ ሳለ ሥጋው ይሠራል። ሰፊ መጥበሻ በደንብ አግሉ። ሥጋውን ጣሉት፣ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ሦስት አራት ደቂቃ አታማስሉት። ከጅምሩ ካማሰላችሁት ውሃውን ይለቅና በራሱ ውሃ ይቀቀላል፤ መልኩ አመድማ ይሆናል፣ ጣዕሙም አይወጣም። ጆሯችሁን አቅርቡ። መጀመሪያ ውሃ ሲፈላ የሚሰማው የለሰለሰ ድምፅ ነው። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀየርና ቸስስ ማለት ይጀምራል። ሥጋው ቡናማ የሚሆነው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በማማሰያ እየሰባበራችሁ አገላብጡት።

ፓኬቱ ላይ 80/20 ካለ ከመቶ ሃያው ስብ ነው። ጣዕም አለው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ግን መጥበሻውን ዘንበል አድርጋችሁ ስቡን በማንኪያ ቅዱት፣ አንድ ማንኪያ የሚያህል ብቻ ይቅር። የተቀዳውን ስብ ማጠቢያው ውስጥ አትድፉት፣ ይረጋና ቧንቧውን ይደፍናል። ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ይርጋና ይጣል። 90/10 ከገዛችሁ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

በቀረው ስብ ላይ ቀይ ሽንኩርቱን ጨምሩ፣ እስኪለሰልስ ይቁላላ። ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ የቲማቲም ድልህ። ድልሁን ሁለት ደቂቃ አቁላሉት፣ ጥሬ ጥሬ የሚለው ጠረኑ ይሂድ። ግማሽ ኩባያ ውሃ ጨምራችሁ የመጥበሻውን ሥር ፋቅ ፋቅ አድርጉ፤ የተጣበቀው ቡናማ ነገር ነው ጣዕሙ። ጠበቅ ሲል አውርዱት። እንደ ፓስታ ስጎ መፍሰስ የለበትም።

በርበሬውን በተመለከተ እኔ ሥጋውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። የልጆቹ በቁንዶ በርበሬና በጨው ብቻ፣ የእኛ በአንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬና በቁንጥጫ ኮረሪማ። በርበሬው ከትንሽ ውሃ ጋር አምስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ አለበለዚያ ጉሮሮ ይይዛል። ከዚያ በፒሬክሱ በአንዱ ወገን የልጆቹ፣ በሌላው የእኛ ይሆናል። በርበሬው ያለበትን ጎን እንዳልረሳ ከላይ አንድ ቃሪያ እሰካበታለሁ። ንጥር ቅቤ የምትወዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽንኩርቱ ላይ ጨምሩ፣ ከዚያ በላይ ግን አትሂዱ። ሥጋውም ቺዙም የራሳቸው ቅባት አላቸው።

ነጩ ሶስ ያው ቤሻሜል ነው። ቅቤውን በመካከለኛ እሳት አቅልጡ፣ ዱቄቱን ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ አማስሉ። ዱቄቱ መቅላት የለበትም፣ ጥሬ ሽታው ብቻ ይጥፋ። ወተቱን ለብ አድርጋችሁ ትንሽ በትንሽ ጨምሩ፣ በእንቁላል መምቻ ሳታቋርጡ ምቱት። በአንድ ጊዜ ከደፋችሁት ይቋጠራል። ሲወፍርና የማንኪያውን ጀርባ ሲሸፍን፣ በጣት መስመር ስታሰምሩበት መስመሩ ካልተዘጋ ደርሷል። ከእሳት አውርዱት። አንድ ኩባያ ቺዝ የምትጨምሩት ከወረደ በኋላ ነው፤ እየፈላ ከገባ ቺዙ ይፈራርስና ዘይቱ ይለያል።

ብዙ አሜሪካዊ ቤት በዚህ ሶስ ፋንታ የታሸገ የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ ይገባል። ካምቤል የተባለው ኩባንያ ይህን ሾርባ በ1934 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ካወጣው ወዲህ እዚህ አገር የካሴሮል መሠረት ሆኖ ኖሯል። በጣም ሲደክማችሁ ተጠቀሙበት፣ ማንም አይፈርድባችሁም። ሌላ ጨው ግን አትጨምሩ፣ የራሱ ይበቃዋል። እኔ ቤሻሜሉን የምመርጠው አሥር ደቂቃ ብቻ ስለሚፈጅና የምጨምረውን ጨው ስለማውቀው ነው።

ቺዙን በብሎኩ ግዙትና ቤት ውስጥ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁት። ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ተነስንሶበታል፤ ሲቀልጥ እንደ ብሎኩ ልስልስ አይልም። አይብ ቢገባበትስ ብላችሁ ለምታስቡ፣ አይብ አይቀልጥም። አይብ የሚወጣው አሬራው ሞቆ በአሲዱ ሲረጋ ነው። እንዲህ የተሠራ ቺዝ እሳት ላይ ውሃውን ያጣል እንጂ አይሳብም። ጎኑ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ ግን ከበርበሬው ወገን ጋር ልክ ነው።

ኦቨኑን 375 ፋራናይት አድርጉ፣ በሴልሺየስ 190 ነው። ፒሬክሱን ቅቤ ቀቡ። ግማሹን ድንች ጠርዝ በጠርዝ አደራርቡ፣ ጨው ነስነስ አድርጉ። ሥጋውን በሙሉ ዘርጉበት። የቀረውን ድንች ደርድሩ። ሶሱን ከላይ አፍስሱና ፒሬክሱን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ሶሱ በድንቹ መካከል ይውረድ። ፎይል ሸፍኑና 25 ደቂቃ ያህል ይግባ። ጠርዙ ላይ ፍልቅልቅ ሲል ፎይሉን አንሱ፣ የቀረውን ቺዝ በትኑ፣ ለ10 ወይም 12 ደቂቃ መልሱት። ቺዙን ከመጀመሪያው አታድርጉ። ድንቹ እስኪበስል እሱ ይደርቃል።

ካወጣችሁት በኋላ 10 ደቂቃ ተዉት። ልጆቹ እንደሚጮሁ አውቃለሁ፤ የኔም ይጮሃሉ። ወዲያው ከተቆረጠ ይፈሳል፣ ምላስም ያቃጥላል። በዚያ አሥር ደቂቃ ሰላጣ ሥሩ፤ ሰላጣ ቅጠል፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ ብዙ። ምግቡ ከባድ ስለሆነ ኮምጠጥ ያለ ነገር ጎኑ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ከሥራ መልስ ከጀመራችሁ፣ ከልጣጩ እስከ ገበታው ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለእኔ ያ ረጅም ነው። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ እስከ ሶሱ ድረስ ደርድሬ እጨርሰዋለሁ፤ ቀዝቀዝ ሲል በፎይል ጠቅልዬ ፍሪጅ ይገባል። ቺዙ ተፈቅፍቆ ለብቻው ይቀመጣል። ሰኞ የሚቀረው ማሞቅ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ከፍሪጅ የወጣ መስታወት በቀጥታ የጋለ ኦቨን ውስጥ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል። ቤት እንደገባችሁ፣ ጫማ ሳታወልቁ፣ ፒሬክሱን አውጡትና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቅዝቃዜው ይውጣለት፣ ኦቨኑም እስከዚያ ይግላል። ልጆቹ ቦርሳቸውን ሲፈቱ፣ ሲታጠቡ፣ የቤት ሥራ ሲያወጡ ጊዜው ይደርሳል። በፎይል ተሸፍኖ የሚቆይበትን 15 ወይም 20 ደቂቃ ጨምሩለት። ቴርሞሜትር ካላችሁ መሃሉ 165 ፋራናይት፣ 74 ሴልሺየስ ማለት ነው፣ መድረስ አለበት።

ጥሬውን ሥጋ ግን ለነገ ብላችሁ ግማሽ ብስል አድርጋችሁ አታሳድሩት። እሑድ ሲሠራ በደንብ ይብሰል። የተፈጨ ሥጋ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ሲፈጭ ወደ ውስጥ ስለሚገባ እንደ ጥብስ ላዩ ብቻ በስሎ አይበቃውም፤ 160 ፋራናይት፣ 71 ሴልሺየስ ይድረስ።

ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱት፣ ሞክሬዋለሁ። ድንቹ ሲቀልጥ ውሃውን ይለቅና አሸዋ አሸዋ ይላል። ፍሪጅ ውስጥ ግን ሦስት አራት ቀን ይቆያል፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ ሳይቀመጥ ከገባ። ማይክሮዌቭ ላይ ስታሞቁት አንድ ማንኪያ ወተት ጠብ አድርጉበትና ክደኑት።

እኔ ለልጆቹ ምሳ ማክሰኞ ጠዋት እንዲህ አደርጋለሁ። ሰፊ አፍ ያለውን ቴርሞስ የፈላ ውሃ ሞልቼ አምስት ደቂቃ እከድነዋለሁ። እስከዚያ ቁራጩ በትንሽ መጥበሻ፣ ቺዙ ወደ ታች ሆኖ ይጠበሳል። ቺዙ እንደ ቂጣ ሲደርቅ ገልበጥ አድርጌ ውስጡ በደንብ እስኪፋጅ አሞቀዋለሁ። ውሃውን ደፍቼ ትኩሱን እከታለሁ። ያቺ የጠርዝ ቁራጭ ለማን እንደምትደርስ በየሳምንቱ ክርክር አለ፤ አሁን ተራ አውጥተንላታል።