ቪትዝ ላይ የ7 ኢንች ስክሪን ማቀፊያ፦ ሦስተኛው ሙከራ ያዘልኝ

ለስክሪኑ የፋይበርግላስ ማቀፊያ ስሠራ ሁለት ጊዜ ከሽፎብኛል። የመጀመሪያው ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) በማግስቱም እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር፤ የሠራሁት በክረምት ብርድ ሲሆን ማድረቂያውንም (ሬዚኑን የሚያጠነክረውን ኬሚካል) ፈርቼ ጠብ ብቻ ነው ያደረግኩት። በሁለተኛው ተናድጄ አበዛሁበት፤ ጣሳው ውስጥ ግሎ ጨሰና ድንጋይ ሆነ።

መፍትሔው ሚዛን ነው። ለ100 ግራም ፖሊስተር ሬዚን ከ1 እስከ 2 ግራም ማድረቂያ፤ ቀኑ ቀዝቃዛ ስለነበር ወደ 2 ተጠጋሁ። ዳሽቦርዱን በፕላስተር፣ ከላዩ በፎይል ሸፍኜ ሰም ቀባሁት፤ አለዚያ ሬዚኑ ዳሽቦርዱን ይዞ ነው የሚነሳው። ፍሬሙን ከኮምፔርሳቶ ቆርጬ በቦታው አቆምኩና አሮጌ ቲሸርት ወጥሬበት ሬዚን አጠጣሁት። ሲደርቅ አንስቼ ከጀርባው 3 ድርብ የፋይበርግላስ ጨርቅ ደረብኩበት። ቲሸርቱ ቅርጽ ይሰጣል እንጂ ጉልበት የለውም። ከዚያ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቁር ቀለም።

ስትፈቀፍቁ ጭንብልና ረጅም እጅጌ አትርሱ። እኔ በካናቴራ ሠርቼ ሁለት ቀን ሙሉ ሳክክ ከረምኩ፤ ባለቤቴም ጋቢዬን ለብቻው ነው ያጠበችው።