ሳታገቡ እድር ግቡ

ሥራ ለጀመረ ወጣት ምክሩ ያው ነው። ቆጥብ፣ እቁብ ግባ፣ እንግሊዝኛህን አሻሽል። እኔ ግን መጀመሪያ እድር ግቡ እላለሁ። በ23 ዓመታችሁ፣ ቤት ተከራይታችሁም ቢሆን።

ከዳባት ጎንደር ስመጣ ቀሃ አካባቢ ተከራይቼ ፒያሳ ሞባይል እጠግን ነበር። እድር የሽማግሌ ነገር ይመስለኝ ነበር። የአከራዬ እናት ሲያርፉ ግን ለቅሶውን ተኝቼ መስማት አፈርኩና ድንኳን ልተክል ወጣሁ።

መንገዱ ኮብል ነው፤ ካስማ አይገባም። እኔ ብልጡ ገመዱን ከጎረቤት የቆርቆሮ በር ጋር አሰርኩት። ማታ ጎረቤት በሩን ሲከፍት የድንኳኑ አንድ ጥግ ለቀስተኛው ላይ ወረደ። የእድሩ ዳኛ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ በር እኮ ይከፈታል!» አሉ። ኮብል ላይ ገመድ የሚታሰረው አሸዋ ከተሞላ ማዳበሪያ ጋር ነው። በዚያው ሳምንት ተመዘገብኩ።

እንዴት ይገባል? አከራያችሁን የእድሩ ጸሐፊ ማን እንደሆኑ ጠይቁ። አንዳንዱ እድር ተከራይ አይቀበልም፤ አንዳንዱ ዋስ ይላል። ዋስ የሚሆናችሁ ደግሞ ለቅሶ ላይ ወንበር ስትሸከሙ ያያችሁ ሰው ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ደንቡን አስነብቡ። ወላጅ ሌላ ከተማ ቢሞት ይከፍላል ወይ? ከተመዘገባችሁ ከስንት ወር በኋላ? ቀብር የቀረ ስንት ይቀጣል? የመጀመሪያውን እኔ ሳልጠይቅ ገብቻለሁ፤ ዕድለኛ ሆኜ ደንቡ ያካትት ነበር። ሴቶች፣ ለብቻው የሴቶች እድር ያለበት ሰፈር ብዙ ነው፤ እሱንም ጠይቁ።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ዳባት አረፈ። የቀሃ ሰዎች ሚኒባስ ሞልተው መጡ። ግማሾቹን በስም እንኳ አላውቃቸውም ነበር።

ሥራም አመጣልኝ፤ ይህን ማለት ትንሽ ያሳፍራል። የሰፈሩ የተሰበረ ስክሪን ሁሉ እኔ ጋ ነው። ሱቅ ስከራይም ዳኛው ስለ እኔ አንድ ቃል ተናግረው የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ቀረልኝ። ግን ደንበኛ ፍለጋ ብላችሁ እንዳትገቡ፤ እናቶች ወዲያው ይነቁባችኋል።

የእኛ ስብሰባ በወር አንዴ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ብር ዘርዝራችሁ ሂዱ፤ ጸሐፊው መልስ ኖሯቸው አያውቅም።