በዌልስ የት አካባቢ ስንት ሰው ዌልስኛ ይናገራል? ቁጥሩን አውጥቶ ሳይሳሳቱ ማንበብ

የብሪታንያ አንዷ ክፍል በሆነችው ዌልስ፣ ካርዲፍ ከተማ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው አስፋልቱ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል "አራፍ" የሚል ጽሑፍ ያያል። በዌልስኛ "ቀስ በል" ማለት ነው። እንግሊዝኛውም እዚያው አጠገቡ አለ። የመንገድ ምልክቱም፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳም በሁለት ቋንቋ ነው። ካፌ ገብታችሁ ግን ጆሯችሁን ብትጥሉ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ብቻ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጥታችሁ ካይርናርቨን ስትደርሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ዳቦ ቤት ወረፋ የያዘው ሰው የሚያወራው በዌልስኛ ነው።

ታዲያ ስንት ሰው ነው የሚናገረው? ስልካችሁን አውጥታችሁ ብትጠይቁ "17.8 በመቶ" የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የ2021 የሕዝብ ቆጠራ ውጤት ነው። ችግሩ ካርዲፍንም ካይርናርቨንንም አለመግለጹ ነው። የደብረ ብርሃንንና የሰመራን ሙቀት ደምሮ ለሁለት እንደማካፈል በሉት። የአንድን አካባቢ ትክክለኛ ቁጥር ለማግኘት የምሄድበትን መንገድ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡ

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ሰንጠረዡ ይሮጣል። እኔ ከቅጹ ጀምሩ ነው የምለው። በዌልስ የቆጠራ ቅጽ ላይ ጥያቄው ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው፦ ዌልስኛ መረዳት፣ መናገር፣ ማንበብ ወይም መጻፍ ትችላለህ? ከሥሩ አምስት ሣጥኖች አሉ። ሲነገር መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ አንዱንም አለመቻል። የሚመለከታችሁ ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ አለቀ።

ምን ያህል ትችላለህ የሚል የለም። በቀን ስንቴ ትናገራለህ የሚልም የለም። ዕድሜዋን ሙሉ በዌልስኛ ስትጸልይ የኖረች የሰማንያ ዓመት አሮጊትና ትምህርት ቤት ሰላምታና መዝሙር የተማረ የሰባት ዓመት ልጅ እኩል አንድ ሣጥን ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ለዚያውም ለልጁ የሚሞላለት ወላጁ ነው። እናቱ ዌልስኛ የማታውቅ ከሆነች የልጇን ችሎታ በምን ትለካዋለች? በግምት ነዋ።

ይህ እኛ ከለመድነው ጥያቄ ይለያል። በኢትዮጵያ የ2007 ቆጠራ የተጠየቀው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነበር። በዚያ መሠረት አማርኛ አፍ የፈታበት ሰው 29 በመቶ አካባቢ ነው። መናገር የሚችለው ግን ከዚያ እንደሚበልጥ ማናችንም እናውቃለን። ዌልስ ውስጥ ተቃራኒው ነው፤ የሚጠየቀው መቻል ስለሆነ አፍ የፈቱበትም በትምህርት የለመዱትም አብረው ይቆጠራሉ።

አንድ የምታስቅ ነገር ላክል። በዚያው ቅጽ ላይ "ዋና ቋንቋህ ምንድን ነው?" የሚል ሌላ ጥያቄ አለ። ዌልስ ውስጥ የመጀመሪያው ምርጫ "እንግሊዝኛ ወይም ዌልስኛ" ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሣጥን! ካርዲፍ የሚኖር ሐበሻ "አማርኛ" ብሎ ለብቻው ይጽፋል፤ ባለአገሩ ግን ከሁለቱ የትኛው ዋናው እንደሆነ ከዚህ መልስ አይታወቅም። ስለዚህ ያንን ሰንጠረዥ ለዚህ ሥራ አትንኩት።

2. ምንጩን ምረጡ

ሁለት ትልልቅ ምንጮች አሉ፤ ደግሞም አይስማሙም።

የመጀመሪያው በየ10 ዓመቱ የሚካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ነው። የ2021ዱ 538,300 ተናጋሪ አገኘ፤ ያው 17.8 በመቶ። ሁለተኛው ዓመታዊ የሕዝብ ናሙና ጥናት ነው። እሱ በ2022 እና በ2023 በወጡት ውጤቶቹ ወደ 900,000 የሚጠጋ ቁጥር ሰጥቷል፤ 29 በመቶ ገደማ። ልዩነቱ ከ300,000 በላይ ነው! ጥናቱ በናሙና፣ በፈቃደኝነትና በጠያቂ የሚካሄድ ነው። ሰው ቅጽ ለብቻው ሲሞላና ሰው ፊት ሲጠየቅ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም።

የዌልስ መንግሥት በ2050 የተናጋሪውን ቁጥር 1 ሚሊዮን የማድረስ ዕቅድ አለው። ዕቅዱን የሚለካው በቆጠራው ነው። እናንተም ስለ አንድ አካባቢ ስታወሩ ቆጠራውን ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን አንዱን ዓመት ከቆጠራ፣ ሌላውን ከናሙና ጥናት ወስዳችሁ "ጨመረ" ወይም "ቀነሰ" እንዳትሉ። ጋዜጣ ላይ ሳይቀር የሚታይ ስህተት ነው።

የቆጠራው ሰንጠረዥ በነፃ ይገኛል። የእንግሊዝንና የዌልስን ቆጠራ የሚያካሂደው የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የቆጠራ ካርታ አለ፤ አካባቢውን ስትጫኑ ቁጥሩ ይወጣል። ሰንጠረዥ አውርዶ በኤክሴል መሥራት ለሚፈልግ "ኖሚስ" የሚባለው ድረ ገጽ ይሻላል። "ስታትስዌልስ" የሚባለው ደግሞ የዌልስ መንግሥት የራሱ ነው።

3. መቶኛውንም ብዛቱንም ጎን ለጎን ጻፉ

ዌልስ በ22 የአካባቢ አስተዳደሮች ተከፍላለች። በ2021 በመቶኛ ከፊት ያሉት እነዚህ ናቸው፦ ግዊኔዝ 64.4፣ አንግልሲ ደሴት 55.8፣ ኬሬዲጊዮን 45.3፣ ካርማርተንሺር 39.9። መጨረሻ ላይ ያለው በደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የቀድሞ የድንጋይ ከሰል አገር ብላይናይ ግዌንት ነው፤ 6.2 በመቶ።

እዚህ ላይ ብታቆሙ ዋና ከተማዋ ካርዲፍ በ12.2 በመቶ ከቁም ነገር የምትገባ አትመስልም። ብዛቱን ስታዩ ግን ካርዲፍ ውስጥ 42,800 ያህል ተናጋሪ አለ። አንግልሲ ላይ ያለው 37,000 ገደማ ነው። ቋንቋው የኑሮ ቋንቋ ከሆነባት ደሴት ይልቅ እንግሊዝኛ የነገሠባት ከተማ ብዙ ተናጋሪ ይዛለች ማለት ነው።

ታዲያ የቱ ይበልጣል? እንደ ጥያቄያችሁ ነው። "መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ዌልስኛ ይችል ይሆን?" ካላችሁ መቶኛው ይመልሳል። "ስንት መምህር፣ ስንት ሐኪም ያስፈልጋል?" ካላችሁ ብዛቱ።

ስታካፍሉ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ጥያቄው የሚጠየቀው ዕድሜው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። ግዊኔዝን እንሞክር። ተናጋሪው 73,600 ነው፤ ጠቅላላ ነዋሪው 117,400። ብታካፍሉት 62.7 በመቶ ይወጣል። ይፋ የሆነው ግን 64.4 ነው። የት ሄደ? ከሦስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት አካፋዩ ውስጥ ስለከተታችሁ ነው። እነሱን አውጥታችሁ በ114,000 አካባቢ ስታካፍሉ ነገሩ ይስተካከላል።

4. ወደ ታች ውረዱ

አንድ አስተዳደር ራሱ አማካይ ነው። ግዊኔዝ 64.4 ስትባል ውስጧ ሁለት ዓለም አለ። ካይርናርቨን ከተማ ከ80 በመቶ በላይ ተናጋሪ አላት። በመኪና ብዙም የማትርቀው ባንጎር ግን ዩኒቨርሲቲ አለባት፤ ከእንግሊዝና ከውጭ የሚመጣው ተማሪ መቶኛውን ዝቅ ያደርገዋል። ተማሪው የሚቆጠረው ወላጆቹ ቤት ሳይሆን በትምህርት ጊዜ በሚኖርበት አድራሻ ነው። ኬሬዲጊዮን ውስጥ አበሪስትዊዝም እንዲሁ ናት። ስለዚህ ድንገት ዝቅ ያለ ቁጥር ስታዩ "ቋንቋው ሞተ" ከማለታችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲ እንዳለ እዩ። ባሕር ዳር ላይ ከሆነ ደግሞ ጡረታ ወጥቶ ከእንግሊዝ የመጣ ሰው መብዛቱን ተመልከቱ።

ካርታው ላይ ከቀበሌ እስከ ጥቂት መንደሮች ድረስ መውረድ ይቻላል። እዚያ ስትደርሱ ግን እያንዳንዷን ቁጥር አትመኑ። የሰዎች ማንነት እንዳይታወቅ ቢሮው ሆን ብሎ ትንንሾቹን ቁጥሮች በጥቂቱ ይለዋውጣቸዋል። የመንደሮቹ ድምር ከከተማው ድምር ጋር በጥቂቱ ቢለያይ የእናንተ ስህተት አይደለም።

5. በዕድሜ ክፈሉት

እኔ ከሁሉም የምወደው ደረጃ ይህ ነው፤ ቁጥሩ እውነቱን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነውና።

ዌልስኛ በዌልስ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እስከ 16 ዓመት ግዴታ ነው። ሁሉም ትምህርት በዌልስኛ የሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ዌልስኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የሚሰጥባቸውም አሉ። ከዚህ የተነሳ በደቡብ ምሥራቅ ባሉ አስተዳደሮች የተናጋሪውን ዝርዝር በዕድሜ ስትዘረጉት የትምህርት ቤት ዕድሜ ላይ ጉብ ይልና ከዚያ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ሣጥኑ ላይ ምልክት ማድረጉን ያቆማል፤ የሚያናግረው ሰው የለማ። እንደ ግዊኔዝ ባሉት አካባቢዎች ግን አዋቂውም ሽማግሌውም አለበት።

በ2011 እና በ2021 መካከል የታየው መቀነስም ትልቁ ክፍል የሕፃናት ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ካሉት ውስጥ ይናገራሉ የተባሉት ከ40.3 ወደ 34.3 በመቶ ወረዱ። ቆጠራው የተካሄደው ማርች 21 ቀን 2021 ነበር። ከኮሮና የተነሳ ብዙ ልጆች ቤት ተቀምጠው በኢንተርኔት ሲማሩ የከረሙበት ወቅት ነው። ዌልስኛ የማይችል ወላጅ ልጁን ቀኑን ሙሉ ቤት ሲያየው ከርሞ ግምቱን ዝቅ አድርጎ ይሆን? ሊሆን ይችላል። ብቻ ቁጥሩን ስትጠቅሱ ይህን አብራችሁ ጥቀሱ።

6. ወደ ኋላ ተመልከቱ፤ ድንበሩን ግን ጠብቁ

ስለ ዌልስኛ በቆጠራ መጠየቅ የተጀመረው በ1891 ነው። ያኔ ከግማሽ በላይ ሰው ይናገር ነበር። በ1911 ብዛቱ ጣሪያ ነካ፤ 977,000 ገደማ። መቶኛው ግን ያኔም ወደ 43.5 ወርዶ ነበር። ለምን? ለከሰሉና ለብረቱ ሥራ ብዙ ሰው ከውጭ ይጎርፍ ስለነበር ነው። ብዛትና መቶኛ ተቃራኒ መንገድ ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የአንድ አካባቢን ጉዞ ለማየት ካርማርተንሺርን ውሰዱ። በ2001 50.3 በመቶ፣ በ2011 43.9፣ በ2021 39.9። ተናጋሪው በ2001 84,000 ያህል ነበር፤ በ2011 78,000፣ በ2021 72,800። በ2011 በብዛት ከሁሉም አንደኛ የነበረችው እሷ ነበረች፤ በ2021 ግዊኔዝ በጥቂት መቶ ሰው ቀደመቻት። ግዊኔዝም አልጨመረችም፤ የወረደችው በዝግታ ስለሆነ ነው። በመቶኛ የጨመሩት አራት አስተዳደሮች ብቻ ናቸው፤ ካርዲፍ፣ ቬል ኦቭ ግላሞርገን፣ ሮንዳ ከነን ታቭና መርተር ቲድቪል። አራቱም በደቡብ ናቸው፤ በሦስቱ ጭማሪው ለዓይን አይሞላም።

ድንበሩ ነው ሰው የሚያሳስተው። የአሁኖቹ 22 አስተዳደሮች የተፈጠሩት በ1996 ነው። ከ1974 እስከ 1996 "ግዊኔዝ" ሲባል አንግልሲ ደሴትም በውስጧ ነበረች። የ1981ዱን "ግዊኔዝ" ከ2021ዱ "ግዊኔዝ" ጋር ካነጻጸራችሁ ስሙ አንድ ሆኖ መሬቱ ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ ንጽጽር ወይ የመላውን ዌልስ ቁጥር፣ ወይ ለአሁኑ ድንበር ተስተካክሎ የተሰላውን ተጠቀሙ።

7. "ይችላል"ን ከ"ይናገራል" ለዩ

ቆጠራው ስለ አጠቃቀም ዝም ካለ ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል። የ2019-20 የቋንቋ አጠቃቀም ጥናት ከተናጋሪዎቹ ውስጥ በየቀኑ የሚናገሩት 56 በመቶ ናቸው ይላል። ሌላው ይችላል እንጂ በየቀኑ አይናገርም።

አካባቢው ላይ ካላችሁ ደግሞ ዓይናችሁም ይረዳችኋል። ዌልስኛ የሚችል ሠራተኛ ደረቱ ላይ ወይም የመታወቂያው ማንጠልጠያ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ያደርጋል። "በዌልስኛ አናግሩኝ" ማለት ነው። ፖስታ ቤት ወይም ክሊኒክ ስትገቡ ስንቱ ላይ እንዳለ ቁጠሩ። ሳይንስ አይደለም፤ ግን ሰንጠረዡ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

8. ስትጽፉት

ለጋዜጣም ይሁን ለፌስቡክ ስትጽፉ "ካርዲፍ ውስጥ 12 በመቶው ዌልስኛ ያወራል" አትበሉ። ዓመቱን፣ ዕድሜውን፣ ምንጩን አስገቡና እንዲህ በሉት፦ "በ2021 ቆጠራ ዕድሜያቸው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የካርዲፍ ነዋሪዎች 12.2 በመቶው፣ ማለትም 42,800 ያህል ሰው፣ ዌልስኛ መናገር እንደሚችሉ ቅጹ ላይ ሞልተዋል፤ በ2011 36,700 ያህል ነበሩ።" ረዘመ? ረዝሟል። ግን "ከየት አመጣኸው?" የሚል ሰው ቢመጣ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።