የጨጓራ ኦፕራሲዮን ያሰባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት

እዚህ ደብረ ብርሃን ክብደት ለመቀነስ ኦፕራሲዮን ያሰበ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቃር እንዳለበት ነው። ብዙው ሰው የሚያስበው ስለ ዋጋና ቀጠሮ ነው። ዘዴውን ለመምረጥ ግን ቃሩ ትልቅ ቦታ አለው። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማውን ቆርጦ ያወጣል። ወደ ነበረበት አይመለስም። ኃይለኛ ቃር ያለበትን ሰው ደግሞ ሊያባብስበት ይችላል። ባይፓስ ከጨጓራው ትንሽ ከረጢት ሠርቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛል። ለቃርም፣ ለስኳር ሕመምተኛም ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። የቫይታሚንና የብረት እጥረቱ ግን ይበረታል።

ሐኪሙን ሳታፍሩ ጠይቁ። ይህንኑ ኦፕራሲዮን ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ስፌቱ ቢያፈስ ማን ያየኛል፣ የት? አዲስ አበባ ተሠርቶ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚተኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እዚያው ዘመድ ቤት ብትቆዩ እመርጣለሁ። ጥያቄ ሲበዛበት የሚቆጣ ሐኪም ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ጾመኛ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ስለዚህ ኪኒኑን ወይም መርፌውን ዕድሜ ልክ አታቋርጡ። አረቄም ከባይፓስ በኋላ ቶሎ ያሰክራል።