ዲጂታል ገንዘብ ስትልኩ፣ ስትቀበሉና ስታስቀምጡ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብዛት ከማየው ልጀምር፤ ስክሪንሾት አይቶ ዕቃ መስጠት። ገዢው "ልኬያለሁ" ይልና የስልኩን ስክሪን ይልክላችኋል፣ አረንጓዴ ምልክት አለው፣ ስማችሁ አለ፣ መጠኑም ልክ ነው፣ ሰዓቱም የአሁን ነው፣ ሻጩ ደግሞ ሌላ ሰው እየጠበቀው ስለሆነ ይቸኩልና ይሰጠዋል። እንደዚህ አይነት ምስል ማንም በደቂቃ ውስጥ ሊሰራው ይችላል እኮ። እውነተኛ ቢሆን ራሱ የሚነግራችሁ የላኪው አፕ ትዕዛዙን መቀበሉን ብቻ ነው፣ ገንዘቡ እናንተ ጋ መድረሱን አይነግራችሁም። የራሳችሁን አካውንት ክፈቱና ባላንሱን እዩ። ኤስኤምኤስም ብቻውን አይበቃም፣ የላኪ ስም አስመስሎ ቴክስት መላክ ይቻላልና። ክሪፕቶም፣ እንደ ቢትኮይን ያለው ማለት ነው፣ ከሆነ ያው ነው፣ የትራንዛክሽን ሃሹን፣ ማለትም የዝውውሩን መለያ ኮድ፣ ተቀበሉና ብሎክ ኤክስፕሎረር ላይ ራሳችሁ ፈልጉት፣ ብሎክቼይን የሚባለውን ለሁሉም ክፍት የሆነ የዝውውር መዝገብ የሚያሳይ ሳይት ነው፣ ግን ላኪው በሰጣችሁ ሊንክ አይሁን፣ ራሳችሁ በከፈታችሁት ገጽ ይሁን።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት "ገባ" እና "አለቀ" አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። በካርድ ስትከፍሉ ያን ሰዓት የሚሆነው ባንካችሁ "እሺ ገንዘቡ አለ፣ ይዤዋለሁ" ማለቱ ነው፣ ገንዘቡ ከባንክ ወደ ባንክ የሚሄደው በኋላ ነው፣ ቀን ሊወስድ ይችላል። ለዛም ነው ሆቴል ወይ መኪና ኪራይ የያዘው ገንዘብ ባላንሳችሁ ላይ ቀንሶ ትንሽ ቆይቶ የሚመለሰው፣ ማንም አልወሰደውም፣ ተይዞ ነበር። በካርድ የሚቀበል ነጋዴ ደግሞ ከፋዩ ቻርጅባክ፣ ማለትም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ባንኩን፣ ከጠየቀ ከወራት በኋላም ገንዘቡ ሊወሰድበት እንደሚችል ማወቅ አለበት፣ በትልልቆቹ የካርድ ኔትወርኮች ብዙ ጊዜ እስከ 120 ቀን ድረስ ይሄዳል። ቢትኮይን ላይ ደግሞ አንድ ብሎክ፣ ማለትም መዝገቡ ላይ የሚጨመር አንድ የትራንዛክሽን ጥቅል፣ በአማካይ በ10 ደቂቃ ነው የሚወጣው፣ ብሎክ ውስጥ ያልገባ ትራንዛክሽን በዋሌታችሁ፣ ክሪፕቶ በምትይዙበት አፕ ማለት ነው፣ ላይ ቢታይም ገና ምንም አይደለም፣ ላኪው ከፍ ያለ ፊ፣ ማለትም የመላኪያ ክፍያ፣ ከፍሎ ያንኑ ገንዘብ ወደ ሌላ አድራሻ ሊያዞረው ይችላል። ትንሽ ገንዘብ ከሆነ አንድ ኮንፈርሜሽን፣ ማለትም አንድ ብሎክ ውስጥ መግባቱ፣ ይበቃል፣ ብዙ ከሆነ ግን 6 ጠብቁ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ማለት ነው።

አሁን ወደ ከፋይ ወገን እንምጣ። ክሪፕቶ ከላካችሁ በኋላ የምትደውሉለት አካል የለም፣ ሪቨርስ የሚባል ነገር የለም። የማታውቁት ሰው "በካርድ አልቀበልም፣ በክሪፕቶ ወይ በጊፍት ካርድ ብቻ ላኩልኝ" ካላችሁ ለምን እንደሆነ ገብቷችሁ ዝጉት፤ የሚፈልገው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፣ መመለስ አለመቻሉንም ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ገንዘቡን በገዛ እጁ የሚያጠፋበት ቦታ፣ ኔትወርክ። ይሄን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ዩኤስዲቲ፣ ዋጋው 1 ዶላር እንዲሆን የተሰራው ክሪፕቶ፣ ሲባል አንድ ነገር ይመስላል ግን ኢቴሬም ላይ ያለ ዩኤስዲቲ አለ፣ ትሮን ላይ ያለ አለ፣ ሌሎችም ብዙ ኔትወርኮች ላይ አለ፣ እያንዳንዱ በራሱ ሌጀር፣ በራሱ መዝገብ፣ ነው የሚመዘገበው፣ አንዱ ኔትወርክ ሌላው ላይ የሆነውን አያይም። ተቀባዩ በትሮን የሚል ከሆነ አድራሻው በላቲን "ቲ" ፊደል ይጀምራል፣ ኢቴሬም ከሆነ በ"ዜሮ ኤክስ" ይጀምርና በጠቅላላው 42 ቁምፊ ነው። እነዚህ ሁለቱ ስለማይመሳሰሉ አፑ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ይከለክላችኋል። ችግሩ ተመሳሳይ የሆኑት ላይ ነው። ኢቴሬም እና ቢኤንቢ ቼይን አንድ አይነት የአድራሻ ቅርጽ ነው የሚጠቀሙት፣ ስለዚህ አድራሻው ትክክል ነው፣ አፑ ምንም አይላችሁም፣ "ተሳክቷል" ይላችኋል፣ ተቀባዩ ግን ምንም አያይም። እዚህ ላይ አትደንግጡ፣ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ የተላከበት አድራሻ ቁልፍ፣ ማለትም ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ሚስጥራዊ ኮድ፣ ማን ጋ ነው? ተቀባዩ የራሱ ዋሌት ከሆነ ያው ቁልፍ በሁለቱም ኔትወርክ ይሰራል፣ ዋሌቱ ላይ ኔትወርኩን ሲቀይር ገንዘቡን ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። አድራሻው የኤክስቼንጅ፣ ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ኩባንያ፣ ከሆነ ግን ቁልፉ እነሱ ጋ ስለሆነ እነሱ ካልተባበሩ አታገኙትም፣ አንዳንዶቹ ያወጡላችኋል ግን ያስከፍላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ አናወጣም ይላሉ።

ሜሞ ወይም ታግ የሚባለውም አለ። ኤክስአርፒ ወይም ስቴላር የሚባሉትን ክሪፕቶዎች ወደ ኤክስቼንጅ ስትልኩ አድራሻው የሁሉም ደንበኛ አንድ ሊሆን ይችላል፣ የእናንተ መሆኑ የሚለየው በዛች ቁጥር ነው። ሜሞውን ዘላችሁ ብትልኩ ገንዘቡ ኤክስቼንጁ ጋ ይገባል፣ ግን የማን እንደሆነ አያውቁትም፣ ከዛ ከሰፖርት ጋር ስትፃፃፉ ትከርማላችሁ።

ሌላው ሰው የማይጠብቀው፣ ዋሌቱ ውስጥ ዩኤስዲቲ አለ ግን መላክ አይችልም። ምክንያቱም ፊው በአብዛኛው የሚከፈለው በኔትወርኩ በራሱ ኮይን ነው፣ ትሮን ላይ በቲአርኤክስ፣ ኢቴሬም ላይ በኢቴር። ስለዚህ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ትንሽ የፊ ኮይን አብራችሁ አስገቡ። እና እባካችሁ ለአዲስ አድራሻ መጀመሪያ ትንሽ ላኩና ተቀባዩ "ደርሶኛል" እስኪል ጠብቁ። ፊ ሁለት ጊዜ ይከፈላል ብላችሁ አትሰስቱ።

አድራሻ ከታሪክ ላይ ኮፒ ማድረግ። ይሄ በጣም ያናድደኛል ምክንያቱም ጠንቃቃ ሰው ነው የሚበላበት። እንዲህ ነው የሚሰራው፤ ሌባው እናንተ በተደጋጋሚ የምትልኩበትን አድራሻ ብሎክቼይን ላይ ያያል፣ ሁሉም ሰው ሊያየው ይችላልና። ከዛ በኮምፒውተር እያመረተ የመጀመሪያዎቹ 4 እና የመጨረሻዎቹ 4 ቁምፊዎች ልክ እንደዛ የሆኑ የራሱን አድራሻ ያገኛል። ከዛ አድራሻ ወደ እናንተ ኢምንት ገንዘብ ወይም ዜሮ ይልካል፣ ለምን ቢባል የትራንዛክሽን ታሪካችሁ ላይ እንዲቀመጥ ብቻ። በሚቀጥለው ስትልኩ ታሪኩን ትከፍታላችሁ፣ አፑ መሃሉን በነጥብ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ፣ ጫፎቹን ታያላችሁ፣ ልክ ነው፣ ኮፒ ታደርጋላችሁ፣ ትልካላችሁ። በቃ። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ሰው በዚህ መንገድ ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ክሪፕቶ በአንድ ትራንዛክሽን ልኮ ነበር፣ እሱ እንኳን ከድርድር በኋላ አብዛኛው ተመልሶለታል፣ ሌላው ሰው ግን እንደዛ ዕድል አያገኝም። መፍትሄው አድራሻውን አንዴ በደንብ አረጋግጦ በስም ሴቭ ማድረግና ሁሌ ከዛ መላክ ነው። ሴቭ ካላደረጋችሁ መሃሉንም አንብቡ። ኮፒ ያደረጋችሁትን ፔስት ስታደርጉ የሚቀይር ቫይረስም ስላለ ፔስት ካደረጋችሁ በኋላም እዩት።

ኤክስቼንጅ ላይ ያለውን ባላንስ የራስ አድርጎ መቁጠር። አፑ ላይ የምታዩት ቁጥር "ይሄን ያህል አለብኝ" የሚል የኩባንያው ቃል ነው። እውነቱን ለመናገር የባንክ አካውንትም እንደዚሁ ነው፣ ባንኩ የእናንተ ባለዕዳ ነው፣ ልዩነቱ ብዙ አገር ላይ ባንክ ተቆጣጣሪ አለው፣ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ደግሞ ተቀማጩ ኢንሹራንስ አለው። ኤክስቼንጅ ላይ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ማውንት ጎክስ የሚባለው ኤክስቼንጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወድቅ ወደ 850 ሺህ ቢትኮይን ጠፋ ተብሎ ነበር፣ በኋላ 200 ሺህ ገደማው ተገኘ፣ ገንዘባቸው እዛ የቀረባቸው ሰዎች ቢትኮይናቸው መከፈል የጀመረው 2024 ላይ ነው። ኤፍቲኤክስ የሚባለው ሌላ ኤክስቼንጅ በኖቬምበር 2022 ሲከስር ደግሞ የደንበኞቹ ጥያቄ የተሰላው በዛን ቀን ዋጋ ነው፣ ያኔ አንድ ቢትኮይን ከ17 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ስለዚህ ቢትኮይን ነበረኝ ያለ ሰው በኋላ ዋጋው ብዙ እጥፍ ሲሆን እሱ የሚጠይቀው የድሮውን ዶላር ነው። ኤክስቼንጅ ለመግዛትና ለመሸጥ ጥሩ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ግን አይሁን ነው የምለው።

ግን ደግሞ የራሴ ዋሌት ላይ አስቀምጣለሁ ያለ ሰው ሌላ ስህተት ይጠብቀዋል፣ ሲድ ፍሬዝ። ዋሌት ስትከፍቱ 12 ወይም 24 ቃል ይሰጣችኋል፣ ከ2048 ቃላት ዝርዝር ውስጥ የተመረጡ ናቸው፣ ገንዘባችሁ ማለት እነዛ ቃላት ናቸው። ስልኩ ቢጠፋ፣ አፑ ቢጠፋ ችግር የለም፣ ኮይኑ ስልክ ውስጥ አይደለም ያለው፣ ቃላቱን በሌላ ስልክ ስታስገቡ ይመለሳል። ቃላቱ ከጠፉ ግን የሚመልስላችሁ ሰው የለም። ፎቶ አታንሷቸው፣ ፎቶው ሳታውቁት ክላውድ ላይ ይወጣል። ለራሳችሁ በቴሌግራምም ሆነ በኢሜይል አትላኩ። ወረቀት ላይ ፃፉና ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ። ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር ደግሞ አለ፣ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ዋሌቱን አጥፍታችሁ ከወረቀቱ ላይ መልሳችሁ ክፈቱት፣ አንድ ቃል ተሳስታችሁ ፅፋችሁ ከሆነ ያኔ ይታወቃል፣ ከዓመት በኋላ ስልኩ ሲሰበር ከሚታወቅ። "ከሰፖርት ነው፣ አካውንትህን ቬሪፋይ እናድርግ፣ ቃላቱን አስገባ" የሚል ሁሉ ሌባ ነው፣ አንድም የተለየ ጉዳይ የለውም።

ቃላቱን ሳይሰጡም የሚበሉበት መንገድ አለ፣ አፕሩቫል። ነፃ ቶከን፣ ማለትም ነፃ ክሪፕቶ፣ እንሰጣለን የሚል ሳይት ላይ ዋሌታችሁን ታገናኛላችሁ፣ አንድ ፖፕአፕ ይመጣል፣ ሳታነቡ "አፕሩቭ" ትላላችሁ። ያ ፈቃድ "ይሄ ኮንትራክት ያለኝን ዩኤስዲቲ ያለ ገደብ መውሰድ ይችላል" የሚል ሊሆን ይችላል፣ ኮንትራክት የሚባለው ብሎክቼይን ላይ በራሱ የሚሰራ ፕሮግራም ነው፣ ዛሬ ባዶ ቢሆን ገንዘብ ስታስገቡ ጠብቆ ይወስደዋል። ከሳይቱ ዲስኮኔክት ማድረግ ፈቃዱን አያነሳውም፣ ፈቃዱን ራሱን ሪቮክ ማድረግ፣ መሰረዝ፣ አለባችሁ።

ስቴብልኮይን፣ እንደ ዩኤስዲቲ ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሰራ ክሪፕቶ፣ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። "1 ዶላር ነው" የሚለው ከጀርባው ባለው ነገር ነው የሚወሰነው። ዩኤስቲ የሚባለው ቴራ ላይ የነበረው በካዝና ዶላር አልነበረውም፣ ሉና ከሚባል ከራሱ ቶከን ጋር በሚደረግ መለዋወጥ ነበር የሚቆመው፣ ሜይ 2022 ላይ ሰው ለመውጣት ሲሯሯጥ ሁለቱም በቀናት ውስጥ ወደቁ። ዩኤስዲሲ የሚባለው ስቴብልኮይን ደግሞ መጠባበቂያ አለው፣ እሱም ቢሆን ማርች 2023 ላይ 3.3 ቢሊዮን ዶላሩ ሲሊከን ቫሊ ባንክ ውስጥ ሆኖ ባንኩ ሲዘጋ ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፣ የአሜሪካ መንግስት ተቀማጩን በሙሉ እሸፍናለሁ ሲል ነው የተመለሰው። ዩኤስዲቲንም ዩኤስዲሲንም የሚያወጡት ኩባንያዎች አንድን አድራሻ ማገድ እንደሚችሉም እወቁ። እንደ ባሃማስ ሳንድ ዶላር ወይም እንደ ናይጄሪያ ኢናይራ ያሉት ደግሞ ሌላ ናቸው፣ የማዕከላዊ ባንክ ገንዘብ ናቸው፣ ከቢትኮይን ጋር ስማቸው አብሮ ስለተጠራ አንድ አይደሉም።

ፊ ላይ አጭር ነገር ልበል። ቢትኮይን ላይ ፊው የሚሰላው ትራንዛክሽኑ በሚይዘው የዳታ መጠን ነው፣ በገንዘቡ ብዛት አይደለም፣ ስለዚህ ትንሽ በትንሽ እያደረጉ መላክ ውድ ነው የሚሆነው። "ዜሮ ኮሚሽን" የሚል ካያችሁ የምንዛሬ ተመኑን እዩ፣ ትርፉን እዛ ውስጥ ከትቶት ሊሆን ይችላል። ውጭ አገር ካርድ ስትጠቀሙ ማሽኑ "በአገርህ ገንዘብ ላስከፍልህ ወይስ በዚህ አገር?" ካላችሁ በዛ አገር ገንዘብ በሉ፣ በአገራችሁ ገንዘብ ከመረጣችሁ ተመኑን የሚያወጣው የማሽኑ ወገን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ይጎዳችኋል።

የመጨረሻው ከተበሉ በኋላ የሚመጣው ስህተት ነው፣ ሁለተኛ መበላት። ገንዘቡ የጠፋበት ሰው የሆነ ቦታ ይፅፋል፣ በሰዓታት ውስጥ "እኔ ሃከር ነኝ፣ አስመልስልሃለሁ፣ ግን መጀመሪያ ትንሽ ፊ ክፈል" የሚል ይመጣል። ገንዘብ መከታተል ይቻላል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ቢትፊኔክስ ከሚባል ኤክስቼንጅ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሰረቀው ወደ 120 ሺህ ቢትኮይን ብሎክቼይኑ ላይ ዱካው ስለቀረ የአሜሪካ መንግስት በ2022 ከ94 ሺህ በላዩን ይዞታል። ግን የያዙት የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያላቸው መርማሪዎች ቁልፉን ስላገኙት ነው፣ ቴሌግራም ላይ ያለ ሰው ቁልፍ የለውም። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ይሄ ነው፤ የትራንዛክሽን ሃሹን፣ አድራሻዎቹን፣ የተፃፃፋችሁትን ሁሉ ሴቭ አድርጉ፣ ገንዘቡ ወደ የትኛው ኤክስቼንጅ እንደገባ ኤክስፕሎረሩ ላይ ከታየ ያን ኤክስቼንጅ ወዲያው አሳውቁ፣ ፖሊስ ጋ አመልክቱና የማመልከቻውን ቁጥር ያዙ፣ ኤክስቼንጁ አካውንቱን ለማገድ እሱን ስለሚጠይቃችሁ። በባንክ ወይ በካርድ የተላከ ከሆነ ለባንካችሁ በዛው ሰዓት ደውሉ፣ ሌባው አውጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ብቻ ነው ሊያዝ የሚችለው። ዋሌታችሁ ውስጥ የቀረውን ክሪፕቶ ደግሞ በዛው ቀን አዲስ ሲድ ወዳለው ዋሌት አዛውሩት።