የታሪክ ትምህርትን ከሚያሰለቹ ስህተቶች መራቅ

ተማሪዎች ታሪክን የሚሰለቹበት ዋናው ምክንያት ላልጠየቁት ጥያቄ መልስ እንዲሸመድዱ መገደዳቸው ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚሁ ነው፤ መምህሩም ትንሽ ቢጠነቀቅ ሊያስወግዳቸው ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ትምህርቱን በዓመተ ምሕረትና በስም ዝርዝር መጀመር ነው። «የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተካሄደ» ብሎ፣ የጦር መሪዎችን ስም አስጽፎ ወደሚቀጥለው ርእስ የሚሻገር መምህር የትምህርቱን ልብ አንጠልጣይ ክፍል ዘሎታል። መጀመሪያ ስለ ስንቅ ይጠይቅ። «ክፉ ቀን» የተባለው ረሀብና የከብት እልቂት ካለፈ ጥቂት ዓመታት ብቻ ሆነውት ሳለ፣ መቶ ሺህ ገደማ እንደነበር የሚገመተው ሠራዊት ምን እየበላ እስከ ትግራይ ዘለቀ? በዓድዋ ዙሪያስ ያለ በቂ ቀለብ እስከ መቼ ሊቆይ ይችል ነበር? በወዲያኛው ወገን የጣሊያን ጦር አዛዥ ጀኔራል ባራቲየሪም ስንቁ እየተመናመነበት፣ ከሮም የሚመጣው ግፊትም እየበረታበት ነበር። በመጨረሻ ጦሩን በሌሊት በተለያየ መስመር አንቀሳቀሰ፤ የአልቤርቶኒ ብርጌድ ግን በቦታ ስምና በካርታ ስህተት ምክንያት ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ቀደመ። መምህሩ ትረካውን እዚህ ላይ ገታ አድርጎ፣ ተራሮቹንና የብርጌዶቹን መንገድ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ነድፎ፣ «የዐፄ ምኒልክ አማካሪዎች ብትሆኑ አሁን ምን ትላላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ ቀኑን ሳይሸመድድ ያስታውሰዋል፤ ቀኑ ያን ሌሊት ተከትሎ የነጋው ቀን መሆኑ ገብቶታልና።

ሁለተኛው ስህተት ታሪክን የነገሥታት ታሪክ ብቻ ማድረግ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የንጉሡ ምኞት ነው። ነገር ግን ያ ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ በጅዳና በበሽሎ ገደሎች በኩል መንገድ እየተጠረገለት ወራት በፈጀ ጉዞ ተጎትቷል። ድንጋዩን የፈነቀሉት፣ ገመዱን የሳቡት፣ ለጎታቾቹ እህል የፈጩት እነማን ነበሩ? በመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ ስለ ጎተራው ምን ያስብ ነበር? ራሱን በንጉሥ ቦታ ማስቀመጥ የሚከብደው ተማሪ ራሱን በገመድ ጎታቹ ቦታ ማስቀመጥ አይከብደውም።

ማስረጃውን ደብቆ ድምዳሜውን ብቻ መስጠትም ተማሪውን ያደክማል። «ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ተቀበለ» ከማለት በፊት ከዘመኑ መጀመሪያና ከኋለኛው ጊዜ የተገኙ የአክሱም ሳንቲሞችን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት ይቻላል። በቀደሙት ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት፣ በኋለኞቹ ላይ ደግሞ መስቀል አለ። ተማሪዎቹ ልዩነቱን ራሳቸው ያግኙት፤ ምን ሊያመለክት እንደሚችልም ይከራከሩበት።

የዘመን አቆጣጠርን ማደባለቅ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ የሚያደናግር ጉድለት ነው። ልጁ በበዓሉ ቀን 1888ን ሰምቶ በመጽሐፉ 1896ን ሲያነብ ሁለት ጦርነት የነበረ ሊመስለው ስለሚችል፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን መጻፍና ልዩነቱን በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ማስረዳት ይገባል።

አከራካሪ ጉዳዮችን መሸሽም ስህተት ነው፤ አያያዛቸው ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአንድ ክፍል ውስጥ ለአንዱ ልጅ ቤተሰብ ባለውለታ የሆነ ንጉሥ ለሌላው ቤተሰብ የበደል ትዝታ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ጸብን ፈርቶ ርእሱን ቢዘለው ወይም የራሱን አቋም እንደ ስብከት ቢያወርደው ልጆቹ ክርክሩን ያለ ማስረጃ በማኅበራዊ ሚዲያ ይቀጥሉታል። የሚሻለው ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ማስተማር ነው፦ ምን እንደተፈጸመ፣ ያንን በምን እንደምናውቅና እንዴት እንደምንመዝነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ የተግባባ ክፍል በሦስተኛው ላይ በጨዋነት ሊለያይ ይችላል፤ እንዲያውም እንዲህ ያለው ልዩነት ተማሪውን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንብቦ እንዲመጣ ያደርገዋል።

ተማሪዎችን «ሽማግሌዎችን ታሪክ ጠይቃችሁ ኑ» ብሎ ያለ ዝግጅት መላክም ብዙ ፍሬ የለውም፤ ጥያቄው ሰፊ ከሆነ መልሱም ጠቅላላ ይሆናል። ለምሳሌ የድሬዳዋ ተማሪ ከተማው የተስፋፋው በ1895 ዓ.ም. የደረሰው ባቡር ወደ ሐረር ተራሮች ባለመውጣቱ እንደሆነ አስቀድሞ ካወቀ፣ አያቱን «ባቡር ጣቢያው በገባ ቁጥር ገበያው ምን ይመስል ነበር? በሐዲዱ ሥራ ከቤተሰባችን ማን ተቀጥሮ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የሰማውን ከሌላ ሰው ቃልና ከቆየ ፎቶግራፍ ጋር ያስተያይ፤ መምህሩም ለዚህ ሥራ ከፈተናው ያላነሰ ነጥብ ይስጠው።