የልጅዎ ቁርጭምጭሚት «ቋ» ሲል የሚሠሩ ስህተቶች

ልጅዎ ቁጢጥ ካለበት ሲነሳ ወይም ደረጃ ሲወርድ እግሩ «ቋ» ይላል። እርስዎ ይደነግጣሉ፤ እሱ ግን ጨዋታው ላይ ነው። ይህን ልዩነት ልብ ይበሉ፣ ብዙ ነገር ይነግርዎታል።

የመጀመሪያው ስህተት «አጥንቱ እየተፋጨ ነው» ብሎ መደምደም ነው። በመገጣጠሚያ ውስጥ ማለስለሻ ፈሳሽ አለ። መገጣጠሚያው ሲለጠጥ በውስጡ ያለው ግፊት በድንገት ይቀንስና የጋዝ አረፋ ይፈጠራል። ድምፁ የሚመጣው ከዚህ ነው። ያው መገጣጠሚያ እንደገና ቋ ለማለት 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በየእርምጃው የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጅማት አጥንት ላይ እየተንሸራተተ ነው። የልጆች መገጣጠሚያ ከአዋቂ ይልቅ ላላ ያለ ስለሆነ ይህ በእነሱ ላይ በብዛት ይታያል።

«ካልሲየም አንሶት ይሆናል» ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒን መስጠትም ስህተት ነው። ድምፁ ብቻውን የካልሲየም እጥረትን አያሳይም።

እግሩን እየጎተቱና እየጠመዘዙ «ቦታው ለመመለስ» አይሞክሩ። ከቦታው የወጣ ነገር የለም። ሩጫና ዝላይም አይከልክሉት፤ መገጣጠሚያውን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ የሚጠነክረው በእንቅስቃሴ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው ስህተት ነው። «የልጅ እግር ይንቋቋል፣ ምንም አይደል» ተብሎ ሕመም ይታለፋል። ትንንሽ ልጆች «አመመኝ» ላይሉ ይችላሉ፤ ያነክሳሉ ወይም እቀፉኝ ይላሉ። መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ጠዋት ጠዋት ከገተረው፣ ሌሊት ከቀሰቀሰው፣ ወይም ድምፁ የጀመረው ከወደቀ በኋላ ከሆነ ሐኪም ይየው። ትኩሳት ኖሮት እግሩን አልረግጥም ካለ ለነገ አይባልም። የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ሊያበላሽ ይችላል። ጉልበቴን የሚል ልጅ ችግሩ ዳሌው ላይ ሊሆን ስለሚችል ዳሌውም ይታይለት።

የጨቅላን ዳሌ ከትልቅ ልጅ ቁርጭምጭሚት ጋር አንድ አድርጎ ማየትም አለ። ዳይፐር ሲቀየር የሚሰማ ድምፅ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ግን የዳሌው መገጣጠሚያ በደንብ አልገጠመ ይሆናልና ያስመርምሩት። በተለይ ሕፃኑ በማህፀን ውስጥ በመቀመጫው ተቀምጦ ከነበረ፣ ወይም በቤተሰብ ይህ ችግር ካለ አይዘግዩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ በደንብ ያሳያል፤ ቶሎ ከተደረሰበትም ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ሲጠቀልሉትም እግሮቹን ቀጥ አድርገው አያጥብቁ፤ ታጥፈው ወደ ጎን እንዲከፈቱ ቦታ ይተዉላቸው።